ጥፋቱ የመጽሐፉ ነው ወይስ የአዳማ? የኬክ መጻሕፍትን በቤት ኦቭን መፈተን

የኬክና የጣፋጭ አሠራር መጽሐፍ ገዝቶ በመጀመሪያው ሙከራ መሐሉ የሰመጠ ኬክ ያወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ መጽሐፉን አማርሮ መደርደሪያ ላይ ይጥለዋል፣ ወይም «እኔ እጄ ለኬክ አይሆንም» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። አዳማ ውስጥ በቤቴ ወጥ ቤት ከተለያዩ መጻሕፍት እየጋገርሁ እንደተረዳሁት ሁለቱም ፍርዶች የተቻኮሉ ናቸው። ከኬኩ መስመጥ ጀርባ መጽሐፉ፣ ከተማችን ያለችበት ከፍታ፣ ኦቭኑ፣ ዱቄቱና እንቁላሉ የየራሳቸው ድርሻ ሊኖራቸው ስለሚችል፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይለዩ በመጽሐፍ ላይ መፍረድ አይቻልም። ከዚህ በታች የምጽፈው ይህን ለመለየት የምከተለውን መንገድ ነው፤ መጽሐፍ ለመግዛት ያሰበ፣ ወይም ገዝቶ ተስፋ የቆረጠ ሰው ይጠቀምበታል ብዬ አምናለሁ።

መጻሕፍቱ በእጄ የገቡት በልዩ ልዩ መንገድ ነው። አንዳንዶቹን አዲስ አበባ ስሄድ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት የአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ገዝቻቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ ከውጭ በመጡ ዘመዶች ሻንጣ ውስጥ ደርሰውኛል፤ ጥቂቶቹ ደግሞ በአማርኛ የተዘጋጁ ናቸው። እንግሊዝ፣ አሜሪካ፣ አውስትራሊያ ወይም ሕንድ የታተመ መጽሐፍ ለየአገሩ ወጥ ቤት የተጻፈ ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ ነውር የሚሆነው መጽሐፉ የትኛውን ወጥ ቤት አስቦ እንደተጻፈ ሳይናገር ሲቀር ነው።

ኦቭን ከማብራቴ በፊት መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ እርሳስ ይዤ አነበዋለሁ፤ ብዙ መጽሐፍ ማንነቱን እዚሁ ላይ ያሳያል። በመጀመሪያ የማየው መለኪያውን ነው። የአሜሪካ መጻሕፍት በኩባያ ይለካሉ፤ ኩባያቸውም 240 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። ችግር የሚፈጥረው የኩባያው መጠን ሳይሆን ዱቄቱ የሚሞላበት መንገድ ነው። ዱቄቱን አላልተው በማንኪያ እየጨመሩ አናቱን በቢላ ጀርባ ቢያስተካክሉት 120 ግራም ያህል ይሆናል፤ ኩባያውን ዱቄቱ ውስጥ አስገብተው ቢዝቁበት ግን እስከ 150 ግራም ይደርሳል። ሦስት ኩባያ ዱቄት በሚጠይቅ ኬክ ላይ ልዩነቱ 90 ግራም ነው ማለት ነው፤ ይህም ለስላሳ መሆን የሚገባውን ኬክ አድርቆ ለማስቀረት ከበቂ በላይ ነው። መጽሐፉ በመግቢያው ላይ ኩባያው እንዴት እንደሚሞላ ከነገረኝ በኩባያ መለካቱን አልነቅፍበትም። ይህን ሳይናገር «2 ኩባያ ዱቄት» ብሎ ካለፈ ግን ከወዲሁ ከኅዳጉ ላይ ምልክት አደርግበታለሁ። ግራምና ኩባያን ጎን ለጎን የሚያስቀምጡትም ከዚህ ምርመራ አያመልጡም፤ አንድ ኩባያ ዱቄት በአንዱ ገጽ 120፣ ከጥቂት ገጾች በኋላ ደግሞ 150 ግራም ሆኖ ካገኘሁት፣ ከሁለቱ አንዱ ሳይጋገር በስሌት ብቻ የተጻፈ መሆኑን እጠረጥራለሁ።

የማንኪያውም ነገር ቀላል መስሎ ያሳስታል። የእንግሊዝና የአሜሪካ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን የአውስትራሊያው 20 ነው፤ ስለዚህ የአውስትራሊያ መጽሐፍ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሲያዝ አራት የሻይ ማንኪያ ማለቱ ነው እንጂ ሦስት ማለቱ አይደለም። የእንግሊዝ መጻሕፍት ደግሞ ቤኪንግ ፓውደር ተቀላቅሎበት የሚሸጥ ዱቄት በብዛት ያዛሉ። ከሱቅ የምንገዛው ፉርኖ ዱቄት እንዲህ ስላልሆነ፣ መጽሐፎቹ ራሳቸው እንደ ምትክ የሚሰጡት ለ150 ግራም ተራ ዱቄት 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ጨምሮ ደጋግሞ በወንፊት መንፋትን ነው። ይህን ምትክ አንድ ቦታ ላይ ያልጻፈ መጽሐፍ ከአገሩ ውጭ የሚያነበው ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም ማለት ነው።

የመጋገሪያው ዕቃ ስፋት ያልተጻፈበትን አሠራር ከናካቴው አልሞክረውም። 20 እና 23 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ክብ ዕቃዎች ለዓይን እምብዛም አይለያዩም፤ የወለላቸው ስፋት ግን በሲሶ ያህል ይበላለጣል። ያው ሊጥ በአንደኛው ወፍሮ መሐሉ ሳይበስል ይቀራል፣ በሌላው ሳስቶ ይደርቃል። (ስለ ፎቶግራፍም አንድ ነገር ልበል፤ በክሬምና በአበባ ያጌጠ ሙሉ ኬክ ብቻ የሚያሳይ መጽሐፍ ብዙም አያስጎመጀኝም። የተቆረጠውን፣ የውስጡን ቀዳዳና የታችኛውን ቅርፊት የሚያሳይ ፎቶግራፍ ግን በኋላ የኔን ኬክ ቆርጬ የማነጻጽርበት ማስረጃ ይሆነኛል።)

መጽሐፉን ከመክሰሴ በፊት የከሰስሁት የራሴን ኦቭን ነው። መቆጣጠሪያው 180 ላይ ስለዞረ ውስጡ 180 ዲግሪ ነው ማለት አይደለም፤ ማታ ማታ የመብራቱ ኃይል ሲደክም ደግሞ ለመጋል የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል። የኦቭን ቴርሞሜትር ላላገኘ ሰው ስኳር ራሱ ይመሰክርለታል። ስኳር የሚቀልጠው በ186 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ስለሆነ፣ መቆጣጠሪያውን 175 ላይ አድርጌ ኦቭኑ በደንብ ከጋለ በኋላ አንድ ማንኪያ ስኳር በአሉሚኒየም ፎይል ላይ ዘርግቼ ለ15 ደቂቃ አስገባሁት። ስኳሩ ሳይቀልጥ መውጣት ነበረበት፤ ነገር ግን ጠርዝ ጠርዙ ረጥቦና ወርቃማ ቀለም ይዞ፣ በኋለኛው ግድግዳ በኩል ያለው ደግሞ ፈጽሞ ቀልጦ ወጣ። ኦቭኔ ከሚናገረው በላይ እንደሚያግልና ከኋላው እንደሚብስ በዚህ አወቅሁ። በተቃራኒው 190 ላይ ተደርጎም ስኳሩ አልቀልጥ ካለ ኦቭኑ ከሚናገረው በታች ነው ማለት ነው። ይህን ሳያጣሩ «40 ደቂቃ ይላል፣ በ30 ደቂቃ አረረብኝ» ብሎ መጽሐፍን መውቀስ አግባብ አይደለም። በእንግሊዝ መጻሕፍት ላይ «የጋዝ ቁጥር 4» የሚባለው 180 ዲግሪ መሆኑን፣ ማራገቢያ ላለው ኦቭን ደግሞ 20 ዲግሪ ያህል እንደሚቀነስም ማወቅ ይጠቅማል።

ከኦቭኑ ቀጥሎ የሚጠየቀው ከፍታው ነው። አዳማን እንደ ቆላ ስለምንቆጥራትና ሙቀቷም ስለሚያሳምነን፣ ከፍታ የአዲስ አበባ ጣጣ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ከውጭ የሚመጡት መጻሕፍት በአብዛኛው የተሞከሩት ለባሕር ጠለል በሚቀርቡ ከተሞች ነው። የአየሩ ግፊት ሲቀንስ በሊጡ ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ በቀላሉ ስለሚለጠጥ፣ እንቁላሉና ዱቄቱ ጸንተው ሳይዙት ኬኩ ቸኩሎ ይነፋል፤ ከዚያም የተለጠጡት አረፋዎች ፈንድተው መሐሉ ይወድቃል። በዚያ ላይ ውሃው ፈጥኖ ስለሚተን በሊጡ ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ከውሃው አንጻር ይበዛል፣ የበዛ ስኳር ደግሞ የኬኩን መጽናት ያዘገየዋል።

ይህን ሁሉ ኦቭኑ አጠገብ ተቀምጦ በመስታወቱ ማየት ይቻላል። ከአንድ የእንግሊዝ መጽሐፍ ተራውን የቅቤ ኬክ እንደተጻፈው አድርጌ ስጋግር፣ ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ሊጡ ከዕቃው አፍ በላይ ጉብ አለ፤ ገጹ ላይም ትንንሽ አረፋዎች እየወጡ ይፈነዱ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ጉብታው ከመሐል ጀምሮ ረገበ፤ ሲወጣም ዳር ዳሩ ከፍ ብሎ መሐሉ ጎድጉዶ ነበር። በስንጥር ስወጋው ስንጥሩ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ይህች ንጹሕ ስንጥር ትልቅ ምስክር ናት፤ ጥሬ ሆኖ የወደቀ ኬክ ኦቭኑን ወይም ሰዓቱን ያመለክታል፣ በስሎ የወደቀ ኬክ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው የቤኪንግ ፓውደሩን መብዛት ነው። ያንኑ ኬክ በሌላ ቀን ስሠራው 2 የሻይ ማንኪያ የነበረውን ቤኪንግ ፓውደር ወደ 1 ተኩል ዝቅ አደረግሁት፤ ከ200 ግራም ስኳር 25 ግራም ቀነስሁ፤ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨመርሁ፤ ሙቀቱንም በ10 ዲግሪ ከፍ አድርጌ ከተጻፈው ሰዓት ቀደም ብዬ መፈተሽ ጀመርሁ። ኬኩ ደልደል ብሎ፣ ቀዳዳውም ደቅቆ ወጣ። መጽሐፉ በነጻ ተሰናበተ።

ለከፍታችን የሚስማማው ማስተካከያ በግርድፉ ይህን ይመስላል፤ ለአንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ከስምንት አንድ እስከ ሩብ ማንኪያ ይቀነሳል፣ ለአንድ ኩባያ ስኳር እስከ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይቀነሳል፣ ለአንድ ኩባያ ፈሳሽ ከሁለት እስከ አራት የሾርባ ማንኪያ ይጨመራል፣ የኦቭኑም ሙቀት ከ8 እስከ 14 ዲግሪ ከፍ ይላል። ሁሉንም በአንድ ቀን መለወጥ የማይወድ ሰው ከቤኪንግ ፓውደሩ ይጀምር፤ ብዙውን ጊዜ ዋናው ተከሳሽ እርሱ ነው።

በዚህ ምክንያት ከአንድ መጽሐፍ በመጀመሪያ የምመርጠው እጅግ ተራ የሆነውን ነው። ሦስት ድርብ ያለው፣ በቸኮሌትና በፍራፍሬ የተሸፈነው ኬክ ጉድለቱን በክሬም ይደብቃል፤ ዱቄት፣ ስኳር፣ ቅቤና እንቁላል ብቻ ያለው ኬክ ግን የሚደበቅበት የለውም። ይህንንም ከልምዴ ማስተካከያ ሳልጨምርበት፣ ፊደል በፊደል እንደተጻፈው አንድ ጊዜ መጋገር ግድ ነው። ገና በመጀመሪያው ሙከራ ስኳር ቀንሶ፣ ቅቤውን በዘይት ለውጦ፣ ከዚያ «መጽሐፉ አይረባም» የሚል ሰው የፈረደው በራሱ ኬክ ላይ ነው።

ፊደል በፊደል መከተል ግን እንቁላሉ ላይ ሲደርስ ያስቸግራል። የአሜሪካ መጻሕፍት ትልቅ እንቁላል የሚሉት ከነቅርፊቱ 57 ግራም ያህል የሚመዝነውን ነው። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል በአብዛኛው 40 ግራም አካባቢ ስለሆነ፣ አራት እንቁላል ሲታዘዝ አራት የሐበሻ እንቁላል መስበር የመጽሐፉን ሦስት እንቁላል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ እንቁላሉን ሰብሬ እመዝናለሁ፤ አንዱ ትልቅ እንቁላል ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ነው ብዬ እቆጥራለሁ። እንቁላሉን ከነቅርፊቱ መዝኖ በዚያው ክብደት ዱቄት፣ ስኳርና ቅቤ የሚያዘው የቆየው የእንግሊዞች አሠራር ለኛ ምቹ የሚሆነው በዚህ የተነሳ ነው፤ እንቁላሉ ቢያንስም ሁሉም አብሮት ያንሳል። ይህን የመሰለ አሠራር የያዘ መጽሐፍ ባገኝ አንድ ደረጃ ከፍ አደርገዋለሁ። የወጥ ቤት ሚዛን የሌለው ሰውም መጽሐፍ ከመግዛቱ በፊት ሚዛኑን ቢገዛ ይሻለዋል።

ስኳሩም የራሱ ጉዳይ አለው። በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ፋብሪካ ጎረቤታችን ነውና ስኳር ለአዳማ ሰው ባዕድ አይደለም፤ ነገር ግን የምናገኘው ስኳር ቅንጣቱ ትልልቅ ነው። የእንግሊዝ መጻሕፍት የሚያዙት ደቃቁን ስኳር ሲሆን፣ የኛው ከቅቤ ጋር ሲመታ ቶሎ ስለማይሟሟ ኬኩ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ይተዋል፤ ብስኩቱንም ያንኮሻኩሸዋል። በጁስ መፍጫ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ፈጭቶ በወንፊት ማለፍ ይበቃል፤ እስኪልም ከተፈጨ ግን ለክሬም የሚሆን የስኳር ዱቄት ይሆንና ኬኩን ያከብደዋል። የተፈጨውን ከዚያ በኋላ በሚዛን እንጂ በኩባያ መለካት አይገባም። የጣፋጭነቱን መጠን በተመለከተ፣ በግቢያችን የሚኖሩ አንዲት እናት ከአሜሪካ መጽሐፍ የሠራሁትን ኬክ ቀምሰው «ልጄ፣ ኬኩስ ደህና ነው፤ ስኳሩ ግን ሻዬን አስረሳኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ለከፍታው ሲባል የሚቀነሰው ስኳር ለኛ አፍም የሚበጅ ሆኖ ተገኝቷል። ከሩብ በላይ ከተቀነሰ ግን ኬኩ ይደርቃል፣ ቀለሙም ይገረጣል፤ ስኳር ማጣፈጥ ብቻ ሳይሆን ውሃ የመያዝ ሥራም አለውና።

አሁን ደግሞ ቅቤ። «ቅቤውን በክፍል ሙቀት አለስልሱት» የሚለው ትእዛዝ የተጻፈው ክፍሉ 18 ወይም 20 ዲግሪ በሆነበት አገር ነው። በሚያዝያና በግንቦት የአዳማ ከሰዓት ቅቤን ጠረጴዛ ላይ ትቶ መሄድ ማቅለጥ ነው፤ የቀለጠ ቅቤ ደግሞ በመምታት የሚገባውን አየር አይዝም። እኔ ከማቀዝቀዣ አውጥቼ በትንንሹ ከቆረጥሁት በኋላ ጣቴን ስጫነው ምልክት ተቀብሎ ነገር ግን ሳያንሸራትት ሲቀር ወዲያው መምታት እጀምራለሁ፤ ይህንንም የማደርገው ጠዋት በማለዳ ነው። መጽሐፍን የምመዝንበት ዋናው ሚዛን እዚህ ጋ ይመጣል። «30 ደቂቃ ይቆይ» የሚል መጽሐፍና «ጣት ሲጫነው ጎድጎድ የሚል፣ ግን የማያብረቀርቅ ይሁን» የሚል መጽሐፍ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው የራሱን አገር የአየር ጠባይ ይዞብኝ መጥቷል፤ ሁለተኛው ግን በማንኛውም ከተማ ይሠራል። የእርሾ ሊጥም እንዲሁ ነው፤ «ለአንድ ሰዓት ይቦካ» ከሚል ይልቅ «እጥፍ እስኪሆን» የሚል መጽሐፍ ለአዳማ ሙቀት ይሻላል፣ እዚህ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እጥፍ ሊሆን ይችላልና። ስለ ቅቤው ዓይነት ግን መጽሐፉን መውቀስ አይቻልም፤ የገበያችን ለጋ ቅቤ ከእርጎ የሚናጥ ስለሆነ መዓዛውና በውስጡ የሚቀረው ውሃ ከአንዱ ሻጭ ወደ ሌላው ይለያያል፤ ለኬክ የገበታ ቅቤ መጠቀም ይመረጣል።

ከኬኩ ቀጥሎ የመጽሐፉን እውቀት የምፈትነው በወተት፣ በእንቁላል አስኳልና በኮርን ፍላወር (በበቆሎ ስታርች) በሚሠራው ክሬም ነው። በእንቁላል አስኳል ውስጥ ስታርችን የሚበላ ኢንዛይም አለ፤ ክሬሙ በደንብ ካልፈላ ይህ ኢንዛይም ሳይሞት ይቀርና ማታ የረጋ ክሬም ጠዋት እንደ ሾርባ ቀጥኖ ይገኛል። ስለዚህ «መወፈር ሲጀምር አውርዱት» የሚል መጽሐፍ ነገሩን አላስተዋለውም፤ «እያማሰላችሁ ከፈላ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ አቆዩት» የሚል ግን ምክንያቱን ባይነግረንም ሥራውን ያውቃል። እዚህ ላይ አዳማ እንደገና ትገባለች፤ ክሬሙን በሚፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አብስሉ የሚል መመሪያ ለኛ ከፍታ አይበጅም፣ ከታች ያለው ውሃ ራሱ ከ94 ዲግሪ ስለማያልፍ ስታርቹ በሚገባ አይበስልም። በቀጥታ እሳት ላይ፣ ታቹ በወፈረ ድስት፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ መሥራት ያስፈልጋል። ኮርን ፍላወር የሌለበት፣ በአስኳል ብቻ የሚወፍር ክሬም ግን ከ80 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ሲል ስለሚረጋ ከፍታው አያገኘውም፤ እርሱ ከተበላሸ ወይ እሳቱ በዝቷል ወይ መጽሐፉ ምልክቱን አልነገረንም። የስኳር ሽሮፕ በቴርሞሜትር ለሚሠራ ሰው ደግሞ መጽሐፉ ከሰጠው ቁጥር ላይ 5 ወይም 6 ዲግሪ መቀነስ ይገባዋል።

ለኛ አገር መጽሐፍ ሲመዘን የማይዘለለው ጥያቄ የጾሙ ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንና ሌሎቹን ለሚጾም ቤት በወተትና በእንቁላል ብቻ የተሞላ መጽሐፍ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን መደርደሪያ ላይ ያሳልፋል። የሕንድ መጻሕፍት ላይ «እንቁላል የሌለው» የሚል ኬክ በብዛት ይገኛል፤ ብዙ ሰው ይህን አይቶ ለጾም ይሆናል ብሎ ይገዛል፣ ነገር ግን አብዛኛው በእርጎ ወይም በጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት የሚሠራ ስለሆነ የፍስክ ነው። ለፍስክ ከሆነ ግን የሕንድ መጻሕፍት ከእንግሊዞቹ ይልቅ ለወጥ ቤታችን ይቀርባሉ። ናንካታይ የሚባለው ብስኩታቸው በነጠረ ቅቤ፣ በዱቄት፣ በስኳርና በሄል የሚሠራ ነው፤ ቅመም ሳይገባበት የተነጠረ ቅቤ ላለው ሰው ምንም ምትክ አያስፈልገውም፤ በሄሉ ፈንታ ኮረሪማ ብጨምርበት ደግሞ ከቡና ጋር የሚሄድ ሆኖልኛል። ዱቄቱን ከነጠረ ቅቤው ጋር ሲያሹት ሊጡ መጀመሪያ ይፈርሳል፤ ውሃ ለመጨመር መቸኮል አይገባም፣ በመዳፍ ሙቀት ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይያያዛል።

ለጾም በእርግጥ የሚሆኑት አሠራሮች ሦስት ዓይነት መሠረት አላቸው። አንደኛው በቤኪንግ ሶዳና በኮምጣጤ የሚነፋው የካካዎ ኬክ ነው፤ ለአንድ ተኩል ኩባያ ዱቄት አንድ ኩባያ ስኳር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ ሲሶ ኩባያ ዘይትና አንድ ኩባያ ውሃ የሚገባበት ይህ ኬክ በአሜሪካ ከቆየ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በአዳማ ከፍታ ሶዳውን ወደ ሦስት ሩብ ማንኪያ ዝቅ አድርጌ እሠራዋለሁ። ሁለተኛው የተፈጨ ተልባ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተልባ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ተበጥብጦ ሲወፍር በአንድ እንቁላል ፈንታ ይገባል። ይህ ሊጥ ያያይዛል እንጂ አረፋ አይሰጥም፤ ለኩኪስና ለሙዝ ኬክ እንጂ ለስፖንጅ አይሆንም፤ ይህን ልዩነት የማይናገር መጽሐፍ ሰውን ያስታል። ሦስተኛው የሽምብራ ቅቅል ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ፈረንሳዊው ጆኤል ሮሴል የጥራጥሬ ቅቅል ውሃ እንደ እንቁላል ነጭ ተመትቶ አረፋ እንደሚሰጥ አሳወቀ፤ በዓመቱም አሜሪካዊው ጉስ ዎልት የሽምብራውን ውሃና ስኳር ብቻ መትቶ የሚጸና አረፋ ማውጣት እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ ይህን ስለማይዝ ሊወቀስ አይገባም፤ ከዚያ በኋላ የታተሙት ግን የሚያዙት የቆርቆሮውን ሽምብራ ውሃ ነው።

የቆርቆሮ ሽምብራ ፍለጋ ሱፐርማርኬት ለሱፐርማርኬት መዞር አያስፈልግም። ሽምብራውን ሌሊቱን ዘፍዝፌ፣ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ደፍቼ፣ በአዲስ ውሃ ያለ ጨው እስኪበስል እቀቅለዋለሁ፤ ከዚያም በውሃው ውስጥ እንዳለ አቀዘቅዘውና ውሃውን አጥልዬ ለብቻው እሳት ላይ እመልሰዋለሁ። ማንኪያ ሲነከርበት የሚያዳልጥ፣ ሲንጠባጠብም እንደ እንቁላል ነጭ ክር የሚስብ ሲሆን ደርሷል። ከቀዘቀዘ በኋላ ጥቂት የሎሚ ጠብታ ጨምሬ በኤሌክትሪክ መምቻ ስመታው መጀመሪያ የሳሙና አረፋ ይመስላል፤ ትዕግሥት ላለው ሰው ግን ነጭና ጽኑ ይሆናል። ሁለት የሾርባ ማንኪያው በአንድ እንቁላል ነጭ ፈንታ ይቆጠራል። ስለ ውሃው ውፍረት አንድም ቃል ሳይናገር «የሽምብራ ውሃ ምቱ» ብቻ የሚል መጽሐፍ ከዚህ ፈተና አያልፍም።

በአማርኛ ስለተዘጋጁት መጻሕፍት ፍርዴ የተከፈለ ነው። በእጄ የገቡት በምልክት አገላለጽ የተዋጣላቸው ናቸው፤ ሊጡ ማንኪያ ላይ እንዴት እንደሚንጠለጠል፣ ብስኩቱ ከፓትራው ሲላቀቅ ምን እንደሚመስል በሚገባ ይናገራሉ፤ ንጥረ ነገሮቹም ከጉልት እስከ ሱቅ የሚገኙ ናቸው። ደካማ ጎናቸው ቁጥሩ ነው፤ «በቡና ሲኒ»፣ «በብርጭቆ»፣ «መጠነኛ እሳት» የሚሉ መለኪያዎች ከቤት ቤት ይለያያሉ። እነዚህን ያልጣልኋቸው አንድ ጊዜ የተሳካልኝን ወዲያው በግራም መዝኜ ከኅዳጉ ላይ ስለምጽፍ ነው፤ ይህን ያደረገ ሰው ከውጭ መጽሐፍ የማያገኘውን ለአገሩ የተስማማ መጽሐፍ በእጁ ይኖረዋል።

መብራት በሚሄድበት ከተማ የሚጋግር ሰው ሊጡ መጠበቅ ይችላል አይችልም የሚለውንም ከገጹ ላይ አስቀድሞ ማንበብ አለበት። በሱቅ የሚሸጠው ቤኪንግ ፓውደር በአብዛኛው ከፊሉ ሲረጥብ፣ የቀረው ሲሞቅ የሚሠራ ስለሆነ ጥቂት መዘግየትን ይችላል። በሶዳና በኮምጣጤ የሚነፋው ግን ወዲያው ካልገባ ኃይሉ ያልቃል፤ ተመትቶ በእንቁላል አረፋ ብቻ የሚቆመው ስፖንጅ ደግሞ ጨርሶ አይጠብቅም። የኩኪስ ሊጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማደርን ይወዳል። እኔ አዲስ መጽሐፍን በስፖንጅ የምፈትነው መብራቱ በማያሰጋበት ሰዓት፣ ብዙውን ጊዜ በማለዳ ሲሆን፣ ማታ የምሞክረው ብስኩትና ኩኪስ ብቻ ነው። በመሐል መብራት ሄዶ ለወደቀ ኬክ በመጽሐፉ ላይ ነጥብ አልይዝም፤ ያ ቀን አይቆጠርም።

በመጨረሻም ሊሆን የሚችል ከሆነ ያንኑ ገጽ በሌላ ከተማ ያለ ሰው እንዲጋግረው ማድረግ ጥሩ ነው። እኔ የገጹን ፎቶ አዲስ አበባ ለምትኖረው እህቴና ድሬዳዋ ላለችው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም እልካለሁ። አዲስ አበባ ከእኛ በ600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፣ ድሬዳዋ ደግሞ ከእኛ ዝቅ ብላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ያ የእንግሊዝ ቅቤ ኬክ ድሬዳዋ ላይ ቤኪንግ ፓውደሩ እምብዛም ሳይነካ ደህና ሲወጣ፣ እህቴ ግን ከእኔም በታች ወርዳ 1 ከሩብ የሻይ ማንኪያ ላይ ስታደርሰው ነው የተስተካከለላት። ሦስታችንም ዘንድ ከፍታው ተስተካክሎለት አሁንም የሚወድቅ ኬክ ካለ ግን ጥፋቱ የመጽሐፉ ነው፤ ያንን ገጽ በእርሳስ ሰርዤ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ።